ያልሞላው ዙር

ወይዘሮ ቀመሪያ ሙሀጅር እንድሪስ ሚያዝያ 11 ቀን 1958 ዓ.ም. በኮምቦልቻ ከተማ ተወለዱ። ቶሮንቶ ሲገቡ ዕድሜያቸው ሠላሳ አራት ነበር፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ መሀል ከተማ በሚገኝ አንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል አንሶላ ያጥፋሉ፣ ይቆጥራሉ። በዚያ ክፍል አንድ እስር ማለት ሃያ አንሶላ ነው። ሃያ ያልሞላ እስር ወደ ፎቅ አይወጣም፣ በመዝገብም አይገባም፤ ለማግስቱ ተረኛ ይቆያል። ሰው ሥራውን ብቻ ሳይሆን የሥራውን ልማድ ይዞ እንደሚዞር ወይዘሮ ቀመሪያ የተረዱት ዘግይተው ነው።

በ2005 ዓ.ም. መጸው ሐኪም ለጉልበታቸው ሕመም የእግር መንገድ አዘዘላቸው። ክሬሰንት ታውን ካለው ቤታቸው ተነሥተው፣ አውቶቡስ ቀይረው፣ ሌስሊ መንገድ ከሚያበቃበት ወረዱ። እዚያ በፈረሱ ሕንፃዎች ጡብና ኮንክሪት ተሞልቶ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ኦንታሪዮ ሐይቅ የገባ ረጅም የመሬት ምላስ አለ። ወደ ጫፉ ሲሄዱ በግራ ሰፊው ሐይቅ፣ በቀኝ ወደቡ ይታያል። የዚያን ዕለት በወደቡ በኩል ብዙ መቶ ዳክዬዎች ውኃው ላይ ተኝተው፣ በየሰፈሩ እንደሚጠራሩ ሰዎች ይጮኹ ነበር። አንዲት አሮጊት በቴሌስኮፕ ይመለከቷቸዋል። ሚስ ሂላሪ ይባላሉ፤ የወፍ ተመልካቾች ማኅበር አባል ናቸው። «ጅራተ ረጅም ዳክዬዎች ናቸው፤ ከሰሜን ዋልታ አካባቢ መጥተው እዚህ ይከርማሉ» አሏቸው።

«ስንት ናቸው?» ሲሉ ወይዘሮ ቀመሪያ ጠየቁ።

«በግምት አራት መቶ።»

«በግምት? ለምን አይቆጠሩም?»

ሚስ ሂላሪ ሣቁና ቴሌስኮፑን ለቀቁላቸው። በሚቀጥለው እሑድ ወይዘሮ ቀመሪያ የማኅበሩ ቆጣሪ ሆኑ።

የቆጠራ ዘዴያቸው የራሳቸው ነበር። ዓይናቸው ከቴሌስኮፑ ሳይነቀል፣ በቀኝ ኪሳቸው ባለ ዘጠና ዘጠኝ ፍሬ ሙስበሃ፣ ማለትም የጸሎት መቁጠሪያ፣ ያዞራሉ፤ ለአንድ ዳክዬ አንድ ፍሬ ነው። ሙስበሃው ለዚክር የሚይዙት አልነበረም፤ ለዚሁ ሥራ ከዳንፎርዝ መንገድ ሱቅ ለብቻው የገዙት ፕላስቲክ ነው። አንድ ዙር ሲሞላ ከመሬት የለቀሟትን አንዲት የጡብ ስባሪ ወደ ግራ ኪሳቸው ይጥላሉ። በመጨረሻ ስባሪዎቹን በዘጠና ዘጠኝ አባዝተው ይጽፋሉ። ጥቂት ወፎችን በዓይን ብቻ ይቆጥራሉ፤ ለትልቅ መንጋ ግን ከዚህ ዘዴ ወጥተው አያውቁም። ዐሥራ ሁለት መጸው፣ በያንዳንዱ ስድስት እሑድ እንዲህ ሠሩ። ከሰባ ሁለቱ እሑዶች የቀሩት አራቱን ብቻ ነው፤ እነርሱም ጉልበታቸው በቀዶ ሕክምና በታከመበት ዓመት የሆኑ ናቸው።

በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ልጃቸው ሉብና ከማኅበሩ የመጣ ደብዳቤ በስልኳ አነበበችላቸው። ንግግሯን እንዳለ ያሰፈርሁት እርሷነቷ እንዳይጠፋ ብዬ ነው እንጂ አነጋገሩን ወድጄው አይደለም።

«እማ፣ ዳታሽን ሪጀክት ሊያደርጉት ነው።»

«ምን አጥፍቼ?»

«አዲስ የመዝገብ ተቆጣጣሪ ገብቷል። የዳክዬ ቁጥሮችሽ ሁሉ ለዘጠና ዘጠኝ እኩል ይካፈላሉ ይላል። ሠላሳ ስድስት ወይ አምስት የሚል ትርፍ አንድም ቀን የለም። ሰው ሶፋው ላይ ቁጭ ብሎ የፈጠረው ይመስላል፤ በአንድ ወር ውስጥ ኤክስፕሌን ካላደረግሽ የዐሥራ ሁለቱን ዓመት ሁሉ ዲሊት ያደርጉታል።»

ጎረቤታቸው ወይዘሮ አሰፋሽ ሶፋው ላይ ተቀምጠው ነበር። «እኔ ቀድሞም ብያለሁ! ሰው በዚህ ብርድ ዳክዬ ይቆጥራል? አንዱ ቢጎድል ማን ሊጠይቅሽ ነው እያልኩሽ!»

«ይኸው ጠየቁኝ» አሉ ወይዘሮ ቀመሪያ።

«እንግዲያ ዳክዬዎቹ ራሳቸው መጥተው ይመስክሩልሽ።»

ወይዘሮ ቀመሪያ አልሣቁም። ነገሩ ወዲያው ገብቷቸው ነበር። ያልሞላውን ዙር በያንዳንዱ እሑድ ጥለውታል። ሙስበሃው ስድሳ ፍሬ ላይ ቢቆም ስድሳው ዳክዬ ጎዶሎ እስር ሆኖ ይቀራል፤ የማጠቢያ ክፍሉ ደንብ ለሐይቁም የሚሠራ መስሏቸው ነበር። ስንት እንደጣሉም ጽፈው አላቆዩም።

ሉብና መላ ይዛ መጣች። «ሲስተሙ ራሱ ራውንድ አደረገው እንበላቸው። እኔ ነኝ ኮምፒዩተር ላይ የማስገባልሽ፤ በእኔ አሳብቢ። ማንም ቼክ አያደርግም።»

«ያልፈጠርኩትን ፈጠረች አሉኝ፤ አሁን ደግሞ በእውነት ልፍጠርላቸው?»

«እማ፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት እኮ ነው!»

«ለዚያ ነው የማልዋሸው፤ ዐሥራ ሁለት ዓመት ስለሆነ።»

ልጅቱ ለእናቷ ማሰቧ ያስመሰግናታል። እናቲቱ ግን ስሙን ለማዳን ሲል እውነቱን የሚያሳልፍ ሰው ሁለቱንም እንደሚያጣ ያውቁ ነበር።

ኅዳር 8 ቀን፣ እሑድ ጠዋት፣ ወይዘሮ ቀመሪያ፣ ሚስ ሂላሪና ወጣቱ ተቆጣጣሪ በመሬቱ ምላስ ላይ ተገናኙ። ነፋስ አልነበረም፤ ውኃው ግራጫና ለጥ ያለ ነበር። ወይዘሮ ቀመሪያ ከሰላምታ በኋላ አላቆዩትም። ሙስበሃውን አውጥተው አሳዩት፣ የጡብ ስባሪዎቹንም፣ የእስሩንም ነገር አንድ በአንድ አስረዱት።

«ያላየሁትን አልጨመርሁም፤ ያየሁትን ግን ቀንሻለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«በየእሑዱ ስንት እንደጣሉ ያስታውሳሉ?» አለ ተቆጣጣሪው።

«አላስታውስም።»

«በግምት እንኳ?»

«አሁን ብገምት ያኔ የጠረጠርኸኝን ሴት እሆናለሁ።»

ተቆጣጣሪው ፊት ለፊታቸው ያለውን መንጋ እንዲቆጥሩ ጠየቃቸው፤ እርሱ አጠገባቸው ካለ ጉብታ ላይ ሆኖ ፎቶ ያነሣል፣ በኋላም ያመሳክራል። ወይዘሮ ቀመሪያ የቀኝ ጓንታቸውን አውልቀው እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

አምስት ዙር ሞልቶ ስድስተኛው እንደተጀመረ ከወደቡ በኩል አንድ ንስር መጣ። መንጋው ተነሣ፣ ተደባለቀ፣ ከሩቅ ዞሮ ተመልሶ ውኃው ላይ ዐረፈ። ሚስ ሂላሪ «እስካሁን ያሉትን ይያዙትና ቀሪውን ይጨምሩበት» ብለው ሊያግዟቸው ሞከሩ።

«የተደባለቀ አይቀጠልም» አሉና ስባሪዎቹን መሬት ላይ አፈሰሱ። ጣቶቻቸው በብርድ ቀልተው ነበር። ተቆጣጣሪውም እንደገና ፎቶ እንዲያነሣ አሳሰቡት፤ ከአንደኛው ዳክዬ ጀመሩ።

ሲጨርሱ ሰባት ስባሪ በግራ ኪሳቸው ነበር፤ ሙስበሃው አርባ አንደኛው ፍሬ ላይ ቆሟል። «ሰባት መቶ ሠላሳ አራት» አሉ፤ አርባ አንዱን ሲጨምሩ ድምፃቸው ትንሽ ከፍ አለ።

ተቆጣጣሪው በወደቡ ዳር ባለው መጠለያ ተቀምጦ ፎቶዎቹን በታብሌቱ ላይ አሳደገና በያንዳንዱ ዳክዬ ላይ ነጥብ እያደረገ ቆጠረ። ሥራው ከግማሽ ሰዓት በላይ ፈጀ። ሁለቱ ሴቶች አጠገቡ ተቀምጠው ቴምር ተካፈሉ።

«ሰባት መቶ ሠላሳ አንድ» አለ በመጨረሻ። «ሦስት ይለያያል።»

«ጠልቀው ምሳቸውን ይበሉ ነበራ!» አሉ ሚስ ሂላሪ። «ፎቶህ ውኃ ውስጥ አያይም።»

ወጣቱ ሣቀ፤ ከዚያ ግን ቀና ብሎ ወይዘሮ ቀመሪያን በአክብሮት ተመለከታቸው። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እኔ በአንድ ቀን ይህን ያህል አልቆጥርም» አለ። «ነገር ግን የድሮዎቹን ቁጥሮች እንዴት እናድርጋቸው?»

መልሱን ያዘጋጁት ራሳቸው ወይዘሮ ቀመሪያ ነበሩ። ከያንዳንዱ የቀድሞ ቁጥር ፊት «ቢያንስ» የሚል ቃል ይግባ አሉ። ሦስት መቶ ዘጠና ስድስት የሚለው «ቢያንስ ሦስት መቶ ዘጠና ስድስት» ይሁን፤ ጉድለቱን የሚያነብ ሁሉ ይወቀው። ተቆጣጣሪው ይህን የአቆጣጠር ደንቡ እንደሚቀበለው፣ ለተመራማሪም እንደሚጠቅም አረጋገጠላቸው። ሉብና ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ከእናቷ ጎን ተቀምጣ በየረድፉ አስገባችው፤ ስትጨርስም «እማ፣ ፕራውድ ነኝ» አለች። በአማርኛ ብትለው ይሻል ነበር፤ ግን መባሉ ይበቃል። ወይዘሮ አሰፋሽም ነገሩን ሰምተው ለሕንፃው ሴቶች ሁሉ በአሳንሰሩ ውስጥ ተረኩላቸው፤ በእርሳቸው ትረካ ዳክዬዎቹ ሁለት ሺህ ደርሰው ነበር።

ወይዘሮ ቀመሪያ ሙሀጅር ከ2005 እስከ 2016 ዓ.ም. ያደረጓቸው ስድሳ ስምንት ቆጠራዎች አንድም ሳይሰረዝ በማኅበሩ መዝገብ ውስጥ ይገኛሉ። ከ2017 ዓ.ም. መጸው ጀምሮ የመሬቱ ምላስና የወደቡ የእሑድ ቆጠራ ኃላፊ ናቸው።