ዓርብ የምን መግቢያ ነው?

በደርግ ጊዜ ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ላንቴ የምትባል የገጠር ቀበሌ ተመደብኩ። ተማሪዎቼ ከሙዝ ማሳቸው በቀጥታ ወደ መማሪያው ዳስ የሚመጡ እናቶችና አባቶች ነበሩ። ከአርባ ምንጭ ስነሳ አባቴ የመከረኝ አንድ ነገር ነው፦ «ስለ እምነት ቢጠይቁሽ አትመልሺ።» ወንጌል ሰባኪ ስለነበር ታስሮ የተፈታው በቅርቡ ነው። የጸሎት ቤታችንም እንደታሸገ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የሳምንቱን ቀናት ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። ቤታቸው የሚናገሩት ጋሞኛ ስለሆነ በተለይ ሰኞና ማክሰኞ ይምታቱባቸዋል። የስሞቹን መነሻ ብነግራቸው ይቀላቸዋል ብዬ አሰብኩ።

«እሑድ ከግዕዝ የመጣ ነው፤ አንደኛ ማለት ነው። ሰኞ ሁለተኛ። ማክሰኞ የሰኞ ማግስት። ረቡዕ አራተኛ፣ ሐሙስ አምስተኛ።»

በጣታቸው እየቆጠሩ ተከተሉኝ። ደስ ብሏቸዋል። ዓርብ ላይ ስደርስ «መግቢያ ማለት ነው» አልኩ።

ፊት የተቀመጡ እናት እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ የምን መግቢያ?»

«የሰንበት።»

ቃሉ አመለጠኝ። ቀና ስል የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር የዳሱን ምሰሶ ተደግፎ ቆሟል። መቼ እንደመጣ አላየሁም።

«ቅዳሜስ?» አለኝ።

ቅዳሜ «ቀዳሚት ሰንበት» ከሚለው እንደመጣ አውቃለሁ። «ቀዳሚ ከሚለው ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር። የመጀመሪያ ለማለት።»

«እሑድ አንደኛ ነው አልሽ። ታዲያ ቅዳሜ እንዴት የመጀመሪያ ይሆናል?»

ከሁለቱ ሰንበቶች የመጀመሪያዋ ስለሆነች ነው፤ ይህን ግን ያለ ሰንበት መናገር አይቻልም። ወደ ሰሌዳው ዞርኩ። ስለ ዓርብ የጠየቁኝ እናት ደንግጠው ተነሱ።

«ቆጠራ ነው የምታስተምረን። ያን ጊዜ ከስብሰባ የቀረሁት ሰኞና ማክሰኞ ተምታቶብኝ አይደል?»

ሊቀመንበሩ አልሳቀም። «ነገ ጠዋት ቢሮ ነይ» ብሎኝ ሄደ።

ሲነጋ ቁርስ ሳልበላ ወጣሁ። ካሰረኝ ለአባቴ ማን ይነግረዋል? እሱንም እንደገና ቢወስዱትስ? መንገዱን ሁሉ የማስበው ይህንኑ ነው።

ቢሮ ስገባ በሩን ዘጋው። እንድቀመጥ አልጋበዘኝም።

«ትናንት የተረፍሽው የሰማሁሽ እኔ በመሆኔ ነው። ካድሬው ቆሞ ቢሆንስ?»

«አጥፍቻለሁ፣ ጓድ።»

«ስማቸውን አስተምሪ፤ ከየት እንደመጡ ይቅር።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አባትሽ ሲሰብክ ሰምቼው አውቃለሁ። በይ ሂጂ።»

ያዘነልኝ ይሁን ያስፈራራኝ አልገባኝም። ዘመቻው እስኪያልቅ ማንም አልጠየቀኝም፤ ሆኖም ዳሱ ደጃፍ ላይ ሰው በቆመ ቁጥር የጀመርኩትን ቃል አቋርጥ ነበር።

ቤት ስመለስ ሊቀመንበሩ ያለኝን ለአባቴ ነገርኩት። ተነስቶ መስኮቱን ዘጋና፣ «ምን ዓይነት ሰው ነው? እስቲ መልኩን ንገሪኝ» አለኝ። አንድ በአንድ ነገርኩት። ብዙ ካሰበ በኋላ ራሱን ነቀነቀ። አላወቀውም።