ግራ ዳር ያለው ባዶ ነው

ደክሞኛል ማለት የአፌ ሱስ ነው። ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ደክሞኛል። ከኦምዱርማን ሀፍላ ተሳፍሬ፣ በሰው ተጨናንቄ ድልድዩን ስሻገር ደክሞኛል። ካርቱም ዐማራት ሰፈር፣ የምሠራበት ጽሕፈት ቤት ገብቼ የአበሻውን ሁሉ የኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ማለት ነው፣ ወረቀት፣ የሥራ ውልና የክስ ደብዳቤ ስተረጉም ስውል ደግሞ ይብሳል። ቤት ስደርስ ጫማዬን ሳላወልቅ ለልጄ እነግራታለሁ። ሱዳናዊው ባሌ ከሞተ ወዲህ በዚያች ቤት ሁለታችን ብቻ ነበርን። ለማን ልንገር ታዲያ?

«ማዓሌሽ ዩማ» ትለኛለች፣ አይዞሽ እማዬ ማለቷ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ትሰጠኝና ወደ ኮምፒዩተሩ ትመለሳለች።

የሕንፃ ንድፍ ትማር ነበር፤ የመጨረሻ ዓመቷ ነው። ለመመረቂያ የእናቶች ሐኪም ቤት ትነድፋለች፤ ስምንት ወር ሙሉ ዓይኗ እስኪቀላ የሠራችው እሱን ነው። ያ ካልቀረበ ምርቃት የለም። ችግሩ ኮምፒዩተራችን አንድ፣ እኛ ሁለት መሆናችን ነበር። እኔ የደንበኞቼን ፍላሽ ይዤ እመጣለሁ፤ ፍላሹ ቫይረሱን ይዞ ይመጣል። «ዩማ፣ ሰዎችሽ ገደሉን!» እያለች ትጮህብኛለች። እውነቷን ነው።

አጎቷ ከዱባይ ሲመጣ ባለ ሦስት ቴራባይት ሃርድ ዲስክ አመጣልን። በፍሎፒ የጀመርኩት ሴት ሦስት ቴራ ሳይ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ያን ጊዜ ነው ይህ ሐሳብ የመጣልኝ፦ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ሁለት ሲስተም እንጫን። ለእሷ የንድፉ ፕሮግራም የሚሠራበት ዐረብኛ ዊንዶውስ፤ ለእኔ የፍላሽ ቫይረስ የማይዘው ሊኑክስ። ኮምፒዩተሩ ሲበራ የትኛውን? ብሎ ይጠይቃል፤ እሷ የራሷን ትመርጣለች፣ እኔ የራሴን። ጭቅጭቅ ቀረ!

በመሥሪያ ቤታችን ኮምፒዩተር ሲታመም የምጠራው እኔ ስለሆንኩ ባለሙያ አልፈለግኩም። ትዕቢት ነው፣ አውቃለሁ። ዲስኩ ትልቅ በመሆኑ የድሮው አከፋፈል ከሁለት ቴራ በላይ ያለውን አያይም፤ ስለዚህ በአዲሱ ዘዴ አዘጋጀሁትና እኩል ለሁለት ከፈልኩት። እኩል ያደረግኩት በኋላ አንቺ በዛሽ፣ እኔ አነስኩ እንዳንባባል ነው። ዊንዶውሱ በነበረበት በትንሹ ዲስክ ቀረ። እሱም ሞልቶ መንቋቋት ጀምሮ ስለነበር፣ ልጄ ሥራዋን በሙሉ ወደ አዲሱ ዲስክ አዛወረች። የማትፈልገውን አጥፍታ፣ ግማሿን አስተካክላ ያዘች። የኔ ግማሽ ባዶውን ሊኑክሱን ይጠብቃል።

ጁምዓ ቀን እሷ ወደ አክስቷ ሄደች። እኔ ዊንዶውሱን ከፈትኩና የዲስኩን ሥዕል አየሁ። ሁለት እኩል ሳጥን ጎን ለጎን፤ በቀኝ የእሷ፣ በግራ ባዶው። እንዳልሳሳት ብዬ በወረቀት ጻፍኩ፦ ግራ ዳር ያለው ባዶ ነው። ወረቀቱን ስክሪኑ ላይ ለጠፍኩ። አያችሁልኝ ጥንቃቄዬን!

ከዚያ የሊኑክሱን ሲዲ ከተትኩ። እሱ የሚናገረው በእንግሊዝኛ ነው። ያው ሁለት እኩል ሳጥን መጣ። ሙቀቱ አናት ይበሳል፤ ማራገቢያው አንዴ ይዞራል አንዴ ይቆማል፤ እኔ ቶሎ ጨርሼ ጋደም ማለት ነው የምፈልገው። ከሳጥኑ ሥር የተጻፈውን ባነብ ኖሮ የቱ እንደሞላ ይነግረኝ ነበር። አላነበብኩም። ወረቀቴን አየሁ፤ ግራ ይላል፤ ግራውን ነካሁ። እርግጠኛ ነሽ ወይ? ብሎ ጠየቀኝ። በዚያ ሰሞን እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ እሱ ብቻ ነው። አዎ አልኩትና ተኛሁ።

የነቃሁት በጩኸቷ ነው። «ሰጀሚ! ዩማ፣ ሰጀሚ!» የሱዳን ሴት ጉድ ሲወርድባት የምትለው ነው። ሮጬ ሄድኩ። ግማሿ የለም። ወረቀቱ እንደተለጠፈ ነው። አንዴ አየችው፣ አንዴ እኔን አየችኝና ገባት። ዐረብኛው ዊንዶውስ ሁሉን ነገር እንደ ጽሕፈቱ ከቀኝ ነው የሚጀምረው፤ ሥዕሉንም ጭምር። እንግሊዝኛው ደግሞ ከግራ። ያው አንድ ዲስክ ሲሆን በአንዱ የእሷ ቀኝ፣ በሌላው ግራ ሆኖ ይቀመጣል። ሃያ ዓመት ሙሉ ዐረብኛ ከቀኝ አንብቤ፣ አማርኛ ከግራ ጽፌ እንጀራዬን የበላሁ ሴት፣ ይህ ይጠፋኛል? የቸኮለ አፍሶ ለቀመ አለ ያገሬ ሰው።

እጄ በተቆረጠ አልኩ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከንፈሯ ደርቆ «ማዓሌሽ ዩማ» አለችኝ። ፍላሿ ላይ የቀረው የሦስት ወር አሮጌ ነው። ማስረከቢያው ቀን ደግሞ አሥር ቀን ነው የቀረው።

የጠፋ ፋይል ቆፍሮ የሚያወጣ ፕሮግራም አገኘሁ። መብራት ሲሄድ እንዳይቋረጥ ከመሥሪያ ቤት ባትሪ ተውሼ ሁለት ቀን አስቆፈርኩት። ያመጣውን አመጣ፤ ግን ስም የለውም። በሺህ የሚቆጠር ፋይል፣ ሁሉም ቁጥር ብቻ። ደግሞ የጠፋውንና የተጣለውን አይለይም፤ ገና ዱሮ ጥራጊ ተብሎ የተደመሰሰውንም ይዞት ይመጣል። እየከፈቱ ማየት፣ ስም መስጠት ነው። ቢሮ ፈቃድ ጠየቅኩ። ሥዕል ሥዕሉን እሷ፣ ጽሑፍ ጽሑፉን እኔ ተካፈልን። አራት ቀን ጎን ለጎን ተቀምጠን ለቀምን።

በአራተኛው ቀን ንድፉ ከሁለት ፎቅ በቀር ተሟላ። «እነሱን በሁለት ቀን እስላቸዋለሁ፣ ኸላስ፣ አለቀ!» ብላ አንገቴን አቀፈችኝ። እፎይ አልኩ። ተመስገን ብዬ የቀረኝን አንዲት ፋይል ከፈትኩ።

ደብዳቤ ነው፣ ከማሌዥያ፣ ከአንድ ዩኒቨርሲቲ። እንደተመረቀች ለሁለተኛ ዲግሪ ሙሉ ወጪዋን ችለው ተቀብለዋታል። ደብዳቤው የሁለት ወር ነው። ከሥሩ የእሷ መልስ አለ፤ አጭር ነው። አመሰግናለሁ፣ መምጣት አልችልም፤ እናቴ ብቻዋን ናት፣ ደክሟታልም ይላል። ስንት የሰው ደብዳቤ ተርጉሜያለሁ፤ ይህችን መስመር ግን ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኳት።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኳት።

አየችው። «እሱ በስህተት አይደለም የጠፋው ዩማ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ተይው።»

«ምን ብዬ ነው የምተወው? ጻፊላቸው። ሐሳቤን ቀይሬያለሁ፣ ቦታው ካለ እመጣለሁ በያቸው።»

«ኢንሻላህ።»

«ኢንሻላህሽን ለጎረቤት! ካርቱም ውስጥ ኢንሻላህ የተባለ ነገር ሲሆን አይቼ አላውቅም። አሁን ጻፊ፤ እዚሁ ቆሜያለሁ።»

«አንቺስ?»

«እኔ ምን ሆንኩ?»

«ደክሞኛል ትያለሽ። በየቀኑ።»

በየቀኑ ውሃ እያቀበለችኝ ትቆጥረው ኖሯል። እኔ ለአፌ ያልኩትን እሷ ለልቧ ይዛዋለች። ወንበሩን ሳብኩና ኪቦርዱን ወደ እሷ ገፋሁት። ጻፈች። እስክትልከው ድረስ ከአጠገቧ አልተነሳሁም። ከዚያ ተነሳሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያ ቀን ደክሞኝ አያውቅም። በሩን ተደግፌ ቆምኩ።

«ዩማ፣ ደከመሽ እንዴ?» አለችኝ።

«ኧረ ምንም አልሆንኩም» አልኳት።