ቦርሳ የምትገፋው ሴት

ታምሲን የመንደሩን የልማት እቅድ ልትመረምር የመጣችውን ሴትዮ በእጇ በያዘችው ካርታ አወቀቻት። እቅዱ የሚጸድቀው እሷ ስትስማማበት ነው። ሽበታም ናት፤ የሱሪዋን ጫፍ ካልሲዋ ውስጥ ከታ፣ ባለጎማ የገበያ ቦርሳ ትጎትታለች።

እቅዱ ከትምህርት ቤቱ እስከ ታችኞቹ ቤቶች የእግረኛ መንገድ ይሠራ ይላል። እስከዚያው ታምሲን የልጇን ጋሪ የምትገፋው ከመኪና ጋር እየተጋፋች ነው።

«እንዳታናግሪያት፣ የኔ ቆንጆ» አሉ ጎረቤቷ ሽማግሌው ዴሪክ፤ «ኋላ አባበሏት ይሉናል።»

አንድ መኪና ሴትዮዋን ከአጥሩ ቁጥቋጦ ጋር አጣብቋት አለፈ። ከሹራቧ እሾህ እየነቀለች፣ «ሁሌም እንዲህ ነው?» አለቻት ታምሲንን።

ታምሲን ዴሪክን አየት አድርጋ፣ የጋሪዋን የፊት ጎማ ቀና አድርጋ መንገዱ ላይ ያለውን ጉድጓድ አለፈች።

ሴትዮዋ ፈገግ ብላ ወደ ትምህርት ቤቱ ተመለሰችና መንገዱን እንደገና ጀመረችው። አሁን ቦርሳውን ከፊቷ ትገፋለች። ጉድጓዱ ጋ ስትደርስ፣ ውስጡ ልጅ የተኛበት ይመስል፣ የፊቱን ጎማ በቀስታ ቀና አደረገችው።