መቻል የዶሮ ቤቱ በር ላይ የጮኸ ዕለት

ይህ የሆነው በ2011 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም፣ እዚሁ ካርቱም፣ ሳጃና ሰፈር በተከራየነው ቤት ግቢ ውስጥ ነው። የአገሩ ሕዝብ በመንግሥቱ ላይ የተነሣበት ወቅት ነበር። ታሪኩን ለብዙ ሰው አውርቻለሁ፤ ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር እየዘለልኩ ነው ያወራሁት። አሁን ሳልዘል ልጻፈው።

ዶሮ የማረባው ለፋሲካ ነው። እዚህ ያለ ሐበሻ ለበዓል ከገበያ የታረደ ዶሮ አይገዛም፤ በራሱ ሰው እጅ፣ በስመ ሥላሴ ተብሎ የታረደ ይፈልጋል። ስለዚህ ከነነፍሱ የሚሸጥ ዶሮ ያላት ሴት በበዓል ሰሞን ትከበራለች። ያን ዓመት ሃያ ስድስት ዶሮ ነበረኝ፤ እኔም ትንሽ ተከብሬ ነበር።

ውሻችን መቻል ይባላል። ስሙን ያወጣለት ባለቤቴ ተክሌ ነው፤ ውሻ ርኩስ ነው እያለች የምትነዘንዘንን አከራያችንን ሐጃን ልንችላት ይገባል ለማለት። መቻል ቤት አይገባም፣ ከግቢም አይወጣም። ዶሮዎቹ ከጫጩትነታቸው ጀምሮ አብረውት ስላደጉ አይፈሩትም። ሙቀቱ ሲበረታ ሁሉም ከውሃ ጋኑ ሥር ባለው እርጥብ አፈር ላይ አብረው ይተኛሉ። አንዷ ነጭ ዶሮ ጀርባው ላይ ወጥታ መዥገሩን ስትለቅምለት ዓይኑን እንኳ አይገልጥም። ሐጃ ሳትቀር ቆማ ታያቸው ነበር።

ጾሙ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ዶሮ ተሰረቀብኝ። መቻል ከሁሉም ጋር ወዳጅ ስለሆነ ሌባውንም ዝም ብሎ እንዳሳለፈው አልተጠራጠርኩም። ተናደድኩና ላስተምረው ተነሣሁ። በጾም እንቁላል የሚበላ የለም፤ ትሪ ሙሉ ተጠራቅሟል። የተክሌን የሥራ ጓደኛ ለመንኩት። እሱ ወደ ዶሮ ቤቱ ይጠጋል፤ መቻል ከጮኸ አንድ እንቁላል እሰብርለታለሁ። "በቃ!" ስለው ዝም ካለ ሌላ እጨምርለታለሁ። በሁለት ሳምንት ተካነበት። ከእኔና ከተክሌ በቀር ማንም ወደዚያ በር ቢጠጋ ይጮኻል፤ በቃ ካልኩት ወዲያው ጸጥ ይላል። ውሻ በበላበት ይጮኻል አይደል የሚባለው። እኔ ደግሞ በሥርዓቱ አብልቼ አስጮህኩት፤ ለጎረቤት ሁሉ እየጠራሁ አሳየሁ።

አንድ ሐሙስ ከቀትር በኋላ ሰልፉ ወደ ሰፈራችን ወረደ። ተክሌ ከወንዙ ማዶ ባሕሪ፣ ጋራዥ ውስጥ ሥራ ላይ ነው። አስለቃሹ ጭስ በአጥሩ ላይ እየተንከባለለ ሲገባ ፊቴን በእርጥብ ነጠላ ሸፍኜ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆምኩ። እኛ በሰው አገር ፖለቲካ አንገባም። የመኖሪያ ወረቀታችን ጊዜው ካለፈ ዓመት ሆኖታል፤ በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ብለን ነው የኖርነው። ግን በሩ ሲደበደብ እጄ ከፈተው።

አርባ ዓመት የሚሆነው ሰው ነው። አንድ እግሩ ጫማ የለውም፣ መነጽሩ ተሰብሯል። አስተማሪ መሆኑን፣ የጸጥታ ሰዎች ሦስት ቤት ወዲያ እየፈተሹ እንደሆነ በአንድ ትንፋሽ ነገረኝ። "ያ ኡኽቲ፣ እኅቴ፣ እስኪያልፉ ብቻ" አለ። ያለን ክፍል አንድ ነው፤ መጀመሪያ የሚያዩት አልጋ ሥር ነው። ዶሮዎቹ ሁሉ ውጭ ስለነበሩ ዶሮ ቤቱን አመለከትኩት። በደረቱ ተስቦ ገባ፤ ሳንቃውን ገጠምኩበት።

መቻልን ጭራሽ ረስቼዋለሁ። ከጋኑ ሥር ተነሣ፣ ዶሮ ቤቱ በር ላይ ቆመ፣ እንዳስተማርኩት ጮኸ።

ለሰው ሳወራ እዚህ ላይ "ምን ላድርግ፣ ውሻው አሳበቀበት" ብዬ አልፋለሁ። የምዘለው ይኼን ነው። አንድ ቃል ይበቃው ነበር። ቃሉ አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ግን ውሻውን ዝም ሳሰኝ ከሰሙኝ ሰው መደበቄን ያውቃሉ አልኩ። ዝም ካልኩ ደግሞ፣ ሰውዬው ቢገኝ እንኳ ሳላውቅ ዘሎ የገባ ይመስላል። ይኼን ሁሉ ቁጭ ብሎ እንደሚያሰላ ሰው አሰላሁት። ከዚያ ወደ ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። መቻል ይጮኻል። እንቁላሉን እየጠበቀ ነው።

ሦስት ሆነው ገቡ። ከክፍሌ አስወጡኝ። አለቃቸው ወጣት ነው፤ አልጮኸብኝም። ዶሮዎቹ በመቻል እግሮች መካከል ጥሬ ይለቅማሉ። ልጁ እነሱን አየ፣ ውሻውን አየ።

"ይኼ ውሻ ከዶሮዎቹ ጋር ወዳጅ ነው" አለ። "ታዲያ ማን ላይ ነው የሚጮኸው?"

አስተማሪውን በእግሩ ጎትተው አወጡት። ፊቱ ኩስና ላባ ሆኖ ነበር። በዱላ መቱት፤ በተለይ እጁን። አውቀው እንደሆነ ሲጠይቁኝ አላውቀውም አልኩ። እሱም መሬት ላይ እንደወደቀ "ሴትዮዋ አላየችኝም፣ በአጥር ነው የዘለልኩት" አለ። ወስደው መኪናቸው ላይ ጣሉት።

አስተማሪውን አሳልፈን ሰጠነው የሚል ወሬ በማግስቱ ሰፈሩን ሞላው። የሰፈሩ ወጣቶች በራችንን በድንጋይ መቱት። ውሻው ነው፣ ውሻው ነው እያልኩ ማልኩ። ሁሉም አመነኝ፣ አዘነልኝም። ተክሌ መቻልን በገመድ አስሮ በጓደኛው መኪና ድልድዩን አሻግሮ፣ ባሕሪ ፋብሪካዎቹ አካባቢ ለቀቀው። እኔ አልከለከልኩትም። ነጯ ዶሮ ለጥቂት ቀናት ከጋኑ ሥር ብቻዋን ትተኛ ነበር፤ እሷም ለፋሲካ ተሸጠች።

መንግሥቱ ወድቆ እስረኞች ሲፈቱ ያ ሰው መጣ። በፋሲካ ማግስት ነበር። ሊያመሰግነኝ ነው የመጣው። በዚያ ቀን ብዙ በር አንኳኩቶ የከፈትኩለት እኔ ብቻ እንደነበርኩ ነገረኝ። ሻይ ሰጠሁት። ጣቶቹ አይታጠፉም፤ ብርጭቆውን በሁለት መዳፉ መካከል ይዞ ጠጣ። ጠመኔ መያዝ እንደማይችል ሳልጠይቀው ነገረኝ።

ከዚያ ግቢውን ዞር ዞር ብሎ አየና ውሻው የት እንዳለ ጠየቀኝ። በእሱ ምክንያት እንዳባረርነው ነገርኩት።

ብርጭቆውን አስቀመጠ። "ሐራም ነው፣ ያ ኡኽቲ" አለ። "እሱ ምን ያውቃል? ሰው ቢሆን ኖሮ ዝም ይል ነበር።"

መናገር ነበረብኝ። ስኳር ላምጣ ብዬ ወጥ ቤት ገባሁና ከግቢው ሆኖ ተሰናብቶኝ እስኪሄድ እዚያው ቆየሁ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ፋሲካ አልፏል። ዶሮ ማርባት ትቻለሁ፤ ሐጃ ግቢው ጸዳ ብላ ደስ ብሏታል። ተክሌም ሆነ ሌላ ሰው ይኼን አያውቅም። አፍራለሁ፤ ከማፈርም ይብሳል። አስተማሪው አሁንም አንዳንድ ዓርብ ከመስጊድ ሲመለስ በራችን ላይ ቆሞ ሰላም ይለኛል። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ነው ሰላም የሚለኝ፣ መጨበጥ ስለማይችል።