ሺቲ በሺቲ ላይ የደረበች እናት

ሐሙስ፣ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል። አውቶቡሳችን ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ ተነሳ። የምሄደው ሰሚራ የተባለች ሠዓሊ ሟች እናቷን የሣለችበትን ሥዕል አይቼ ለመዘገብ ነው። ሥዕሉ ቅዳሜ ጠዋት ተጭኖ አዲስ አበባ ወደሚከፈት ዐውደ ርእይ ይሄዳል፤ ያሳደገቻት አክስቷ ከፈቀደች። "እስካሁን አላየችውም። እምቢ ካለች ከቤት አይወጣም" ብላኛለች ሰሚራ በስልክ።

ጭሮ ላይ ምሳ በላን። ቁልቢን ሳልፍ ጃኬት ለብሼ ነበር፤ የደንገጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ስንጨርስ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል።

ዓርብ፣ ከሰዓት በኋላ

ድሬ በቀትር ትተኛለች። ሱቆች እስኪከፈቱ ጠብቄ ሐልዋ ገዛሁና ባጃጅ ያዝኩ። የደቻቱ ወንዝ ውኃ የለውም፤ አሸዋ ብቻ ነው። ድልድዩ ላይ ሾፌሩ ሐልዋውን አየት አደረገ።

"ለአማት ነው?"

"ለማላውቃቸው የሰው አክስት።"

"አቦ፣ እንግዲያው አንሷል!"

ሰሚራ የምትሥለው ግቢዋ ውስጥ፣ በረንዳ ላይ ነው። "እናቴ በባቡር ትነግድ ነበር" አለችኝ። "ቀጭን ሆና ትሄድና ወፍራ ትመለሳለች። ባቡር የሚያወፍር ይመስለኝ ነበር።"

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያን ጊዜ ሴት ነጋዴዎች ከድንበር የገዙትን ሺቲ፣ ማለትም ስስ የቤት ቀሚስ፣ አንዱን በአንዱ ላይ ደርበው ለብሰው የጉምሩክ ኬላውን ያልፉ ነበር።

"ቤት ስትገባ አንዱን ታወልቃለች፣ ሌላ አለ። ሌላውን ታወልቃለች፣ ሌላ አለ። መጨረሻ ላይ እናቴ ትወጣለች።"

በሥዕሉ ላይ ሴትዮዋ የባቡሩን በር ሞልታ ትወርዳለች። የቀሚሶቿ ጠርዞች ከሥር ተደራርበው ይታያሉ።

አክስቷ ወይዘሮ ሮዳ መጋላ ገበያ ካለው የጨርቅ ሱቃቸው መጡ። እሳቸውም ከእህታቸው ጋር በዚያ ባቡር ነግደዋል። ሥዕሉ ፊት ቆሙ።

"ወላሂ፣ እህቴን ቁም ሳጥን አደረግሻት!"

"እንደዚያ ነበረቻ፣ አክስቴ።"

"ነበረች። ደብቀን ያሳለፍነውን አንቺ አዲስ አበባ ልትሰቅዪው? 'የኮንትሮባንዲስት ልጅ' ይሉሻል።"

"ይበሉኝ። በዚያ ሺቲ ነው የተማርኩት።"

ወይዘሮ ሮዳ ሐልዋ ቆርሰው እየበሉ ጎንበስ አሉና የታችኛውን ጠርዝ በጣታቸው አሳዩ።

"ይሄ ስህተት ነው። ከሁሉም ሥር የምትለብሰው ቡናማ አይደለም። ቢጫ ነው፣ ሁልጊዜ ቢጫ። እሱን አንሸጠውም ነበር።"

"ለምን?"

"ለዒድ ላንቺ ቀሚስ እሰፋበት ነበራ! ሌላ ቀለም ካየሽ ሰፈሩን በለቅሶ ታነሺው ነበር።"

ሰሚራ ቢጫ ቀለም ጨመቀች። "ካስተካከልኩት ይሄዳል?"

"መጀመሪያ አስተካክዪው። ላብም ጨምሪባት፤ ተቀቅላ ነበር የምትመጣው።"

ስወጣ ሰሚራ መሬት ላይ ተቀምጣ ጠርዙን ትቀባ ነበር። አክስቷ ወንበር ስበው ከኋላዋ ተቀምጠዋል። እሺ አላሉም።

ቅዳሜ

የመልሱን አውቶቡስ ንጋት ላይ ያዝኩ። ለሥራዬ የሚሆን ትምህርት ይዣለሁ፦ ትዝታም እንደ ዜና ሁለተኛ ምንጭ ይፈልጋል።

ቤቴ 10 ሰዓት ላይ ገባሁ። ሰሚራ ፎቶ ልካልኛለች፤ ሥዕሉ በቢጫ ሺቲ ተጠቅልሎ አይሱዙ ላይ ተጭኗል። ደውዬ ጠየቅኋት። ሺቲውን ከሱቃቸው አምጥተው የጠቀለሉት ወይዘሮ ሮዳ ናቸው።