የአክስቴ ቀበሌ ምልዓተ ጉባኤ እንዴት እንደሞላ

ንጋት 11 ሰዓት ተኩል፣ ላሊበላ

ጋቢ ደርቤ፣ አንድ ትልቅ የእጅ ድምፅ ማጉያ በብብቴ ሸጉጬ መናኸሪያ ቆሜያለሁ። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። እኔ በሙያዬ ልብስ ሰፊ ነኝ። ድምፅ ማጉያ ምን ያደርግልሃል ብትሉኝ፣ የአክስቴ የትርፌ ትእዛዝ ነው።

ባለፈው ሳምንት ደወለችልኝ። ስልኩን ከጆሮዬ አርቄ ያዝኩት፤ አክስቴ ስልክ ድምፅ እንደሚያደርስ ገና አላመነችም፣ ራሷ ላሊበላ ድረስ ለማሰማት ትሞክራለች።

«ለሚካኤል ስብሰባ አለን! ውሃው ሊያመልጠን ነው! የሚጮኽ ነገር ይዘህ ና!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀበሌያቸው ከኩልመስክ መንገድ ወጣ ብሎ ተራራ ላይ የተቀመጠ ነው፤ ምንጩ ደግሞ ታች ገደሉ ውስጥ። ሴቶቹ ጀሪካን አዝለው ወርደው እስኪመለሱ ግማሽ ቀን ይሄዳል። ወረዳው ቧንቧ ሊሰጣቸው ተስማምቷል፤ ግን ነዋሪው ተሰብስቦ የውሃ ኮሚቴ መምረጥ አለበት። ለምርጫው ቢያንስ ሰማንያ ሰው ያስፈልጋል። ሁለት ጊዜ ተጠርቶ ሁለቴም አልሞላም። ዛሬም ካልሞላ ቧንቧው ለጎረቤት ቀበሌ ይሄዳል።

ድምፅ ማጉያውን የገዛሁት ቅዳሜ ገበያ፣ የመንገድ ላይ ንግድ በቃኝ ካለ ሰው ነው። «ይጮሃል?» ብዬ ጠየቅኩት። «የምሸጠው ስለሚጮህ ነው፤ አናቴን አዞረው» አለኝ። ከዚህ የተሻለ ዋስትና ከየት ይመጣል?

1 ሰዓት ከሩብ፣ ሚኒባስ ውስጥ

ከጎኔ አንድ የሽንኩርት ከረጢት አለ፤ ከከረጢቱ ወዲያ አምሳ ዓመት የሚሆናቸው፣ ባርኔጣቸውን እስከ ቅንድባቸው ያወረዱ ሰው ተቀምጠዋል። ሹፌሩ በመስታወቱ እያየኝ «ወንድሜ፣ ሰባኪ ነህ እንዴ?» አለኝ።

«አይደለሁም። ለቀበሌ ስብሰባ ነው።»

መኪናው ውስጥ የነበረው ጨዋታ ቆመ። አንዷ ሴትዮ ወደ መስኮቱ ዞረች። ባለ ባርኔጣው ግን ተጠጉኝ፤ «የየት ቀበሌ?» አሉ። ነገርኳቸው።

«ስንት ሰዓት ላይ ነው?»

«አምስት ሰዓት።»

«የት ነው የሚደረገው? ከወይራው ሥር ነው ወይስ ትምህርት ቤቱ?»

«ከወይራው ሥር። ሊገኙ ነው?» አልኩ ደስ ብሎኝ።

«ኧረ በጭራሽ! የዚያው ቀበሌ ሰው ነኝ እኮ። በየት በኩል ዞሬ ቤቴ እንደምገባ ልወቅ ብዬ ነው።»

ስማቸው አቶ ካሴ ነው። መንገዱን ሙሉ ከስብሰባ እንዴት እንደሚመለጥ አስተማሩኝ። በሬ ጠፋ ማለት አይሠራም፣ ሰው አብሮ ይፈልጋል። ሐዘን አለብኝ ማለት ነውር ነው። ጥሩው ጎተራ ውስጥ መግባት ነው፤ ጎተራ ከፍቶ የሚያይ የቀበሌ ሊቀመንበር እስካሁን አልተፈጠረም። «ዘንድሮ ግን» አሉ ፊታቸው ጠቆር ብሎ፣ «ጎተራውንም አይጥ ወረሰው። እግሬን ነክሳኛለች።»

ረፋድ 3 ሰዓት፣ መገንጠያው

ከመኪና ወረድን። አቶ ካሴ ጨብጠውኝ በእርከኖቹ ጀርባ ተሰወሩ። እኔ ከአንዲት ሱቅ ሻይ በገብስ ዳቦ በላሁ፤ ለድምፅ ማጉያው ስድስት ባትሪ ገዝቼ ጨመርኩ። መሞከር አማረኝ፤ ግን ባለሱቋ ሕፃን አስተኝታ ነበርና ተውኩት።

ከዚያ አቀበት ነው። ድንጋይ፣ አቧራ፣ የታጨደ የገብስ ማሳ፣ እንደገና ድንጋይ። በመንገዴ ጀሪካን ያዘሉ ሦስት ሴቶች ደረስኩባቸው። እኔ ከድምፅ ማጉያው በቀር ምንም ሳልሸከም አቀበቱ ላይ እያለከለክኩ፣ እነሱ ያን ሁሉ ተሸክመው ስለ አንድ ሠርግ ያወራሉ። አንዷ ዞር ብላ አይታኝ «አይዞህ፣ እናዝልህ?» አለችኝ።

4 ሰዓት ተኩል፣ አክስቴ ደጃፍ

አክስቴ ትርፌ ቁመቷ ትከሻዬ ላይ አይደርስም፤ ድምፅዋ ግን ከጋራ ጋራ ይሻገራል። አቅፋ ከሳመችኝ በኋላ ዕቃውን አገላብጣ አየችው።

«አክስቴ፣ አንቺ እያለሽ ይህ ምን ያደርጋል?» አልኳት።

«ድምፄን ለምደውታላ! ኸዚህ ሆኜ ስጣራ በር መዝጋት ነው። ሌላ ድምፅ ያስፈልጋል። የማያውቁት።» ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ማለትም ሌላ ሰው በሚያወራበት ልክ፣ «ዛሬ ካልሆነ እኮ አበቃ። እኔ ጉልበቴ አልቋል፣ ልጄ» አለች።

የምታወራው ስለ ስብሰባው መስሎኝ ነበር። ጉልበቷን ስትዳብስ ሳይ ገባኝ፤ ስለ ገደሉ ነው።

5 ሰዓት፣ ከወይራው ሥር

ሊቀመንበሩ አቶ ምስጋናው በኮትና በክራቫት መጥተዋል። ከወረዳ የመጣው የውሃ ባለሙያ ሰለሞን የሚባል ወጣት ነው፤ ሞተሩን አቁሞ፣ ቅጹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ሰዓቱን ያያል። መምሬ ፈንታ ከቅዳሴ መልስ አረፍ ብለዋል። ሌሎቹ አክስቴ፣ እኔና ሰባት ሴቶች ነን። ዕለቱ ሚካኤል ነው፤ አይታረስም፤ ሰው ሁሉ ቤቱ አለ። ከየጣሪያው ጭስ ይወጣል። ሰው ግን የለም።

«እስከ ስድስት ሰዓት እጠብቃለሁ። ከዚያ በኋላ እኔም ትእዛዝ አለብኝ» አለ ሰለሞን፤ ማፈሩ ያስታውቃል።

አቶ ምስጋናው ድምፅ ማጉያውን ተቀበሉኝ። ክራቫታቸውን አስተካከሉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የተከበራችሁ የቀበሌያችን ነዋሪዎች» ለማለት አፋቸውን ከፍተው ቁልፉን ተጫኑት።

«የአይጥ! የአይጥ መድኃኒት! የቁንጫ፣ የትኋን፣ የበረሮ! አንዴ ቀምሳ እዚያው ድርቅ! የአይጥ! የአይጥ መድኃኒት!»

የሸጠልኝ ሰውዬ የተቀዳ ድምፅ ነው። ገደሉ ተቀብሎ መለሰው። አቶ ምስጋናው ቁልፉን ደጋግመው ቢጫኑ አልጠፋ አለ፤ ጭራሽ ከፍ አለ። ጋቢዬን ጠቀለልኩበት፤ ጋቢ ውስጥ ሆኖም «እዚያው ድርቅ!» ይላል። ባትሪውን ልናወጣ ስንታገል መምሬ ፈንታ እጃቸውን አነሱ።

«ተዉት» አሉ። «ወዲያ እዩ።»

በሮች እየተከፈቱ ነው። ከታችኛው መንደር ሰው ይሮጣል። ከላይኛው መንደር ሰው ይሮጣል። ነጠላቸውን እያጣፉ፣ ጣሳና የፕላስቲክ ከረጢት ይዘው፣ አንዳንዱ እጁ ላይ የእንጀራ ፍርፋሪ እንዳለ። አንዲት እናት የሞተች አይጥ በጭራዋ አንጠልጥላ መጥታ ሰለሞን አፍንጫ ሥር አቀረበችለት። «ይኼን የምታህል ናት፤ ለዚች የሚበቃ ይዛችኋል?» ሰለሞን ቅጹን ይዞ ወደ ኋላ አፈገፈገ። አቶ ካሴ ባርኔጣቸውን ጥለው፣ አናታቸው ላይ ጭድ እንዳለ ደረሱ። ጎተራ ውስጥ ነበሩ ማለት ነው።

ባትሪው በመጨረሻ ወጣ። አክስቴ በጣቷ ትቆጥራለች። ሰማንያ፣ ዘጠና፣ መቶ አለፈ።

«ምልዓተ ጉባኤው ሞልቷል!» ብለው ጮኹ አቶ ምስጋናው፤ ያለ ድምፅ ማጉያ።

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ከዚያ ሰው ነቃ። «ስብሰባ ነው! ውሸት ነው! እንሂድ!» ግር ብሎ ወደ መውጫው ሲዞር አክስቴ ትርፌ ቀድማ መውጫውን በሚያዋስኑት ሁለት የድንጋይ ካቦች መሐል እጇን ዘርግታ ቆመች።

«በላዬ ላይ እለፉ!» አለች። «ለአይጥ እንዲህ የሚሮጥ እግር ካላችሁ ለውሃ ለምን ታነክሳላችሁ? እናንት ወንዶች፣ ያ ገደል ስንት ጠመዝማዛ እንዳለው ታውቃላችሁ? እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እቆጥርላችኋለሁ። ባለፈው ክረምት የአልማዝ ልጅ እርጉዝ ሆና ተንሸራትታለች። ዛሬ ብትሄዱ ነገ ቧንቧውን ጎረቤት ሲቀብረው ኸዚህ ሆናችሁ ታያላችሁ።»

አንዳንዱ መሬት መሬት ያያል። በመጨረሻ አቶ ካሴ እጃቸውን አወጡ።

«እሺ፣ አይጧስ?»

ድርድር ሆነ። አይጧ አንደኛ አጀንዳ ሆና ተያዘች። ሰለሞን «እኔ እኮ የውሃ ባለሙያ ነኝ» ቢል መምሬ ፈንታ «ልጄ፣ አይጥም ውሃ ትጠጣለች፤ ጻፍ» አሉት። ጻፈ። በቀበሌው ታሪክ እንዲህ ያለ የጦፈ ውይይት አልተደረገም ይላሉ። አባወራ ሁሉ ባለሙያ ሆነ። ጎተራዎች በድንጋይ ከመሬት ከፍ እንዲሉ፣ የመምሬ ፈንታ ድመት በተራ በየቤቱ እንድትሰማራ፣ ሰለሞንም ግብርና ቢሮ ላለ ባልደረባው ጉዳዩን እንዲነግር ተወሰነ። መምሬ ድመቷን ያስራበ ሰው ሁለተኛ ተራ እንዳይሰጠው ቃለ ጉባኤው ላይ አስጻፉ።

ከዚያ በኋላ ሰዉ ተሟሙቆ የውሃውን አጀንዳ ማንም አልፈራውም። አክስቴ በአንድ ድምፅ የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ሆነች። ጸሐፊ ማን ይሁን ሲባል፣ አይጥ ያንጠለጠለችው እናት «አቶ ካሴ!» አለች።

«እኔ ስብሰባ አልወድም!» ጮኹ አቶ ካሴ።

«ስለማይወዱ አያስረዝሙብንም። ደግሞ ሰው የሚደበቅበትን ሁሉ ያውቃሉ!»

መቶ እጅ ወጣ። አንድ ሽማግሌ ሁለቱንም እጃቸውን አውጥተው ነበርና አንዱን አስወረድናቸው። ሰለሞን ቅጹን ሞልቶ ፈረመ። ዞር ስል አክስቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍናለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ዝም ስትል ሳያት የመጀመሪያዬ ነው።

ማግስቱ፣ ጠዋት

በጠዋት ልሄድ ነበር። ኮሚቴው ግን የመጀመሪያ ውሳኔውን አሳልፏል፤ በቀበሌው መሬት ላይ የቆመ ሁሉ የቧንቧውን ቦይ ይቆፍራል። አቶ ካሴ ስም ዝርዝር ይዘው ከበር በር ይዞራሉ፤ የሰው ጎተራ ሁሉ ይከፍታሉ። እኔ የላሊበላ ሰው ነኝ ብል «ትናንት ተቆጥረሃል» ብለው ዶማ ሰጡኝ። እስከ አምስት ሰዓት ቆፈርኩ። መርፌ የለመደ እጅ ምን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

10 ሰዓት ተኩል፣ ላሊበላ

መዳፌ ውሃ ቋጥሮ ሰፈሬ ደረስኩ። የሰፈራችን ሰብሳቢ ወይዘሮ አልጋነሽ ደጄ ላይ አገኙኝ። «ነገ ስለ ጎርፍ መውረጃው ስብሰባ አለ» ብለውኝ መልሴን ሳይጠብቁ አለፉ። አይፈረድባቸውም። እዚህ ሰፈር ስኖር አንድ ጊዜ የሠርግ ልብስ ደርሶብኛል፣ አንድ ጊዜ ራሴን አሞኛል እያልኩ፣ አንድም ስብሰባ ላይ ተገኝቼ አላውቅም።

በማግስቱ ሄድኩ። ከወይዘሮ አልጋነሽ ጋር አራት ሰው ነበርን። ሰዓታቸውን አይተው «እንበተን መሰለኝ» ሲሉ «ትንሽ ይጠብቁኝ» ብዬ ተነሳሁና ፊት ለፊት ያለውን በር አንኳኳሁ።

«የለም!» አለ ጎረቤቴ ራሱ ከውስጥ።

ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። መውጣቱ አይቀርም።