ከውስጥ የሚይዝ ሽቦ

የያዙን በመወርወሪያዋ ምክንያት ነው።

ሱዳን ውስጥ ከካላክላ ሰፈር ወደ ጀብራ ሰፈር እየሄድን ነበር፣ ወንድሜና እኔ። ጀብራ ሰው ቤት የምትሠራ አንዲት የአገራችን ልጅ ነጠላ አዝዛን ስለነበር ልናደርስላት ነው። መንገዱ ላይ ፍተሻ አለ። ወታደሩ የወንድሜን ቦርሳ ገልብጦ አራገፈው። መጀመሪያ ነጠላው ወደቀ። ቀጥሎ መወርወሪያዋ ወደቀች።

«ዳ ሹኑ?» አለ። ይህ ምንድን ነው ማለቱ ነው።

ሸማኔ ቤት ገብቶ ለማያውቅ ሰው መወርወሪያን ማስረዳት ይከብዳል። ትንሽ ጀልባ የምትመስል እንጨት ናት። ሆዷ የተቦረቦረ ነው። እዚያ ውስጥ ማጉ የተጠነጠነበት ቀሰም ይገባል፤ ቀሰም ቀጭን፣ ውስጡ ክፍት የሆነ የሸምበቆ ቁራጭ ነው። ሸማኔው መወርወሪያዋን በድሩ መሀል ወዲያና ወዲህ ሲወረውራት ክሩ ከቀሰሙ እየተመዘዘ ይከተላታል። የሌላ ሸማኔ መወርወሪያ ብትሆን ምናልባት ያሳልፉን ነበር። የወንድሜ ግን ሁለቱም ጫፏ ብረት ለብሷል። ሆዷ ውስጥ ደግሞ ከአሮጌ የግድግዳ ሰዓት ያወጣው ሞላ አለ። ወታደሩ በጣቱ ሲነካው ሞላው ተስፈንጥሮ ጮኸ። ወታደሩ ወደ ኋላ ዘለለ። ጓደኞቹ ሳቁበት። ባይስቁበት ኖሮ ይለቀን ነበር ብዬ ዛሬም አስባለሁ።

«ለጨርቅ ነው» አለ ወንድሜ። «ወላሂ ለጨርቅ ነው።»

«ጨርቅ ሞላ ምን ያደርግለታል?»

ወንድሜ ጎንበስ ብሎ ነጠላውን ከአቧራው ላይ አነሳ። መልሱ መንገድ ላይ ለመናገር ረጅም ነበር።

ያስገቡን ድሮ የሽንኩርት መጋዘን የነበረ ክፍል ውስጥ ነው። የደረቀ ልጣጭ ወለሉ ላይ ቀርቷል፤ ሲረገጥ ይንኮሻኮሻል። መስኮት የለውም። ከብረት በሩ በላይ አንድ ጡብ የወጣበት ቀዳዳ አለ፤ ብርሃን የሚገባው በዚያ ነው። ሰዉ ጉልበቱን አቅፎ ተጠጋግቶ ተቀምጧል። ቦታ ለማግኘት የሰው እግር መሻገር ነበረብን። ወንድሜ በተሻገረ ቁጥር «ይቅርታ» ይል ነበር፣ ደንግጦ በአማርኛ።

«ምንም አይደል የኔ ጌታ» አለው አንድ ሰው ከግድግዳው ሥር። አማርኛ ነው፤ አፉ ግን የሱዳን ነው።

ሰውዬው ካላክላ ውስጥ ራክሻ፣ እኛ ባጃጅ የምንለውን፣ የሚነዳና የሚጠግን ነው። አማርኛውን ያስተማሩት ተሳፋሪዎቹ፣ ሰው ቤት የሚሠሩት እህቶቻችን ናቸው።

«ሰላምታ ትንሽ አውቃለሁ፤ ስድብ ግን ሁሉንም» አለ። «ሒሳብ በጨመርኩ ቁጥር አንድ አዲስ ይነግሩኛል።»

«ለምን ታሰርክ?» አለው ወንድሜ።

«ፉል ሳማስል።»

ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ የሰፈር ሰዎች አዋጥተው ለተራበው ያበስላሉ፤ ተኪያ ይሉታል። ድስቱን የሚያማስለው እሱ ነበር። ማን ልኮህ ነው፣ ለማን ታበላለህ ብለው ያዙት።

«ጨው አብዝተህ ይሆናል» አለው ወንድሜ።

ሰውዬው ሳቀ። ወንድሜም ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። በዚያ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚያስቅ አልገባኝም ነበር።

ስለ ወንድሜ ትንሽ ልናገር። ሽመናን ከአባታችን ወሎ ነው የተማረው። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ወደ እሱ ስመጣ ካላክላ በተከራየው ክፍል ውስጥ የእግር ጉድጓዱን ቆፍሮ ሥራ ጀምሮ ነበር። አከራያችን ጉድጓዱን ባየ ቁጥር «መቃብር ነው የምትቆፍሩብኝ?» ይል ነበር። የእኔ ሥራ ማጠንጠን ነው። ቀሰሙ ሲያልቅበት ወንድሜ በመወርወሪያዋ የሽመናውን እንጨት ሁለት ጊዜ ያንኳኳል። እኔ የተዘጋጀ ካለኝ በማጠንጠኛዬ አንድ ጊዜ እመልስለትና አቀብለዋለሁ። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ነው። ብዙ አናወራም።

ከእሷ ጋር ግን ያወራ ነበር፣ ከመወርወሪያዋ ጋር። ቀሰሙ አይያዝለትም። ጠንከር አድርጎ ሲወረውራት ቀሰሙ ከተሰካበት እንጨት ይሾልካል፤ ክሩ ይተረተራል፣ ይበጠሳል፣ ነጭ ነጠላ ላይ የማይጠፋ ቋጠሮ ይቀራል። ለዚህ ነው የሰዓቱን ሞላ የገጠመላት። ሞላው ከጎን ሲጫነው፣ ከጠበቀ ክሩን ይቆነጥጠዋል፤ ከላላ ደግሞ ቀሰሙ ያው ይወጣል። «ምን ሆነሽ ነው?» ይላታል ምሳውን ትቶ። እኔ «ጋሼ፣ እስኪ ልያት» ስለው «አንተ ማግህን አጠንጥን» ይለኝ ነበር።

ለእኔ ያላሳየኝን በገባን ቀን ለዚያ ሰውዬ ሁሉንም አሳየው። መወርወሪያዋን ከነነጠላው የቦታው መኮንን ስለወሰዳት በመዳፉ ነው የሠራት። አንዱን እጁን ጀልባ አደረገ፤ የሌላው እጁ ጣት ቀሰም ሆነ። ሰውዬው እየደጋገመ ጠየቀው። ወንድሜ እየደጋገመ መለሰለት። ምስር ሲመጣ ሦስታችን አንድ ሳህን ላይ ቀረብን፤ ወንድሜ ቂጣውን ቆርሶ መጀመሪያ የሰጠው ለእሱ ነው። «ያ ኡስታ» ይለዋል ሰውዬው። ኡስታ እጁ ለተካነ ሰው የሚባል ነው። ወንድሜን ማንም እንዲህ ብሎ ሲጠራው ሰምቼ አላውቅም ነበር። እኔም ብሆን ብዬው አላውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ሰውዬው ድንገት «ኡስታ፣ ለምን ከውጭ ትጫነዋለህ?» አለው።

«ታዲያ ከየት?»

«የራክሻ እጀታ ከውጭ ቢያስሩት ይዞራል። ከውስጥ ሲወጠር ግን ንቅንቅ አይልም። ቀሰምህ ውስጡ ክፍት ነው አላልክም? ሽቦ እጠፍና እግሮቹን ትንሽ ክፈታቸው። ሲገባ ይጨመቃል፤ ከገባ በኋላ ልከፈት እያለ ቀሰሙን ይይዘዋል።»

ወንድሜ ጣቶቹን አየ። ከዚያ ግንባሩን መታና ሳቀ፤ እንደ ልጅ። በር ላይ ያለው ዘበኛ «ምንድነው?» እስኪል ድረስ ሳቀ። እኔ ከእሱ ጋር በኖርኩበት ዘመን ሁሉ እንዲያ አስቄው አላውቅም።

አሁን የምጽፈው ስለሚቀጥለው ቀን ነው።

ወንድሜ ትኩሳት ይዞት አደረ። ሆዱንም አመመው። ጠዋት ዘበኛው ወጣት ነህ ብሎ እኔን አወጣኝና የወታደር ልብስ አሳጠበኝ። ሳሰጣ ገመዱ ሥር አንድ የተሰበረ የልብስ መቆንጠጫ ወድቆ አየሁ። ሽቦው ደህና ነው። ጠንካራ ነው፣ ሲያጥፉት ወደ ቦታው ይመለሳል። ሽቦውን ነቅዬ በአፌ ውስጥ ደብቄው ገባሁ። የዝገት ጣዕሙ እስካሁን ትዝ ይለኛል። ወንድሜ ሲያየው ምን እንደሚል እያሰብኩ ነበር።

«ጋሼ» አልኩት፣ ሽቦውን መዳፉ ላይ አስቀምጬ።

አየው። ዓይኑ በራ። «ከየት አመጣኸው አንተ ልጅ!» አለኝ። ቀጥሎም ዞሮ ለሰውዬው ሰጠው።

«አንተ እጠፈው።»

«የኔስ ጣት ምን ሆነ?» አልኩ። ሰው ሁሉ ሰማኝ።

«ያንተ ጣት ለክር ነው» አለኝ። እሱ ራሱ በትኩሳቱ ምክንያት ግድግዳው ላይ ተደግፎ ነበር።

ሰውዬው ሽቦውን በበሩ ማጠፊያ ብረት ላይ ዘረጋው፤ ቀስ ብሎም አጠፈው። እግሮቹን ከፈተ፣ ሞከረ፣ ትንሽ ቀነሰ። ከዚያ የራሱን ነጠላ ጫማ አውልቆ የሶሉን መሀል በማንኪያ ጫፍ ቦረቦረና ሽቦውን ተከለበት። የስፖንጅ ጫማው መወርወሪያ ሆነ። ለቀሰም ወለሉ ላይ ከነበረ የተቀደደ የሸምበቆ ምንጣፍ ዳር አንድ ዘንግ ሰበርን። ክሩን ከካናቴራዬ ጫፍ ፈታሁና ጭኔ ላይ አጠነጠንኩት። ይህን ስሠራ ሰውዬው አጎንብሶ ያየኝ ነበር። ጀርባዬን ሰጠሁት።

ቀሰሙ ሽቦው ላይ ገባ። ወንድሜ ጫማውን ይዞ አራገፈው። አልወጣም። በሰዉ ራስ ላይ ወደ ማዶው ግድግዳ ወረወረው። እዚያ ያለ አንድ ሽማግሌ ቀለበውና መልሶ ወረወረ። ክሩ ከላያችን ላይ ነጭ ሆኖ ተዘረጋ። «ጎል!» አለ አንዱ። ቀሰሙ ከቦታው አልተነቃነቀም።

«ባለ አንድ ጫማ ሆንክ» አለው ወንድሜ።

«ፉል ለማማሰል አንድ ይበቃል» አለ ሰውዬው።

ወደ ቀትር ላይ በሩ ተከፈተ። «የእንጨቷ ባለቤት መጥቶ ለመኮንኑ ያሳይ!» አለ ዘበኛው። «አንድ ሰው ብቻ። ያላ፣ ቶሎ!»

ወንድሜ ግድግዳውን ይዞ ሊነሳ ሞከረ፤ ሳይቆም ተመልሶ ተቀመጠ። ሰውዬው በብብቱ ደገፈው። ወንድሜ ሁለታችንንም አየን። ለመኮንኑ ለማስረዳት የሚሻለው ሰውዬው ነው። ቋንቋው የአፉ ነው፤ ሽቦውንም ያጠፈው እሱ ነው። ጣቱ ወደ እሱ እስኪዘረጋ ጠበቅሁ።

ጣቱ ወደ እኔ ተዘረጋ። «እሱ ይሂድ» አለ። «እሷን የሚያውቃት እሱ ነው።»

ደስ አለኝ። ወደ ሰውዬው ዞሬ አየሁት፣ ያሸነፈ ሰው እንደሚያየው። ወንድሜ ሽቦውን ከጫማው ነቅሎ እጄ ውስጥ አደረገልኝ። «ከውስጥ» አለኝ። ለእኔ የተናገረው የመጨረሻ ቃል ይህ ነው።

መኮንኑ ወደ ሌላ ቦታ ሊሄድ ዕቃውን ካርቶን ውስጥ እየከተተ ነበር። መወርወሪያዋና ነጠላው ጠረጴዛው ላይ ናቸው። «አሳየኝ» አለ።

የነበረውን ቀሰም በሞላው ሥር ገጥሜ ወረወርኳት። ቀሰሙ ዘሎ ወጣና ወንበር ሥር ተንከባለለ። ዘበኛው ሳቀ።

«ያስፈራን ይህ ነው?» አለ መኮንኑ።

ሞላውን በጥፍሬ ነቀልኩት። ቀሰሙ የሚሰካበትን እንጨት አውጥቼ በፈንታው ሽቦውን ተከልኩ። ቀሰሙን አንስቼ ገፋሁት፤ ሽቦው ተጨመቀና ያዘው። በጠረጴዛው ርዝመት ወረወርኳት። ክሩን እየተወች ሄደች፤ መኮንኑ ከመውደቋ በፊት በእጁ ያዛት። ገለበጣት። አራገፋት። እንደገና አራገፋት።

«አይወጣም» አለ።

«አይወጣም» አልኩ።

«ይዘሃት ሂድ። ጨርቅህንም።»

«ወንድሜስ?»

«የታመመው በኋላ ይታያል፣ ኢንሻአላህ።»

የሚወጣው ያሳየው ሰው ብቻ መሆኑን ያኔ አወቅሁ። ወንድሜ ግን ቀድሞ ያውቅ ነበር። እኔ ልብስ ሳጥብ ዘበኛው ነግሮት እንደነበር ሰውዬው በኋላ ነገረኝ። እኔን መርጦ ወደ ውጭ ላከኝ። ያኛውን አጠገቡ አስቀረው።

መውጫው በብረት በሩ አጠገብ ያልፋል። ዘበኛው ከኋላዬ ይገፋኛል። ልለምነው አሰብኩ፤ አልለመንኩም። ቆምኩ። ሸሚዜን አስተካከልኩ። በመወርወሪያዋ ጫፍ በሩን አንድ ጊዜ አንኳኳሁ። ቀሰሙ ዝግጁ ነው ማለት ነው።

ዘበኛው ምን እንደገባው አላውቅም፤ መግፋቱን ተወ።

ትንሽ ቆይቶ ከውስጥ ሁለት ጊዜ ተንኳኳ። ድምፁ ድፍን ነው፤ ጫማ ብረት ሲመታ እንደዚያ ነው። ወንድሜ ያለበት ጥግ ከበሩ ሩቅ ነበር፤ መነሳትም አይችልም። ነጠላውን ለዘበኛው ሰጠሁት። «ለወንድሜ ነው፣ ይበርደዋል» አልኩ። ተቀበለኝ።

ወንድሜ ከዚያ ክፍል በሕይወት አልወጣም። ሰውዬው ሲፈታ ካላክላ መጥቶ ነገረኝ። ራሱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የያዘው እሱ ነው። ያጠበው እሱ ነው። የገነዙት በዚያ ነጠላ ነው። ይህን ሲነግረኝ አለቀሰ። እኔ የፈለግሁት ከወንድሜ አጠገብ ያለውን ቦታ እንዲለቅልኝ ነበር፤ ግን ያ ቦታ አሁን የሚለቀቅ አይደለም።

አሁን ጉድጓዱ ውስጥ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ለጀብራዋ ልጅ ሌላ ነጠላ ሠርቼላታለሁ፤ አንድም ቋጠሮ የለበትም። ሰውዬው ዓርብ ዓርብ ከሶላት በኋላ ይመጣል። ጉድጓዱ ዳር ይቀመጥና ስለ ወንድሜ ጥቂት ይነግረኛል፤ እኔ የሌለሁበትን። እሰማለሁ። በሩን ማን እንዳንኳኳ አልጠየቅሁትም። ወንድሜ ከሆነ ያ ስንብቱ ነበር። ሰውዬው ከሆነ ደግሞ ወንድሜ ምልክታችንን አስተምሮታል ማለት ነው።

ባለፈው ዓርብ ቀሰሙ አለቀብኝ። ሳላስበው፣ እንደ ወንድሜ፣ መወርወሪያዋን ሁለት ጊዜ ከእንጨቱ ጋር አንኳኳሁ። ክፍሉ ውስጥ ከሰውዬው በቀር ሰው የለም። እሱ የክሩ ቅርጫት አጠገብ ነበር፤ እያወራ በማጠንጠኛዬ አንድ ቀሰም አጠንጥኗል። ወሬውን አቆመ። ማጠንጠኛውን አንድ ጊዜ አንኳኳ።

ማን አስተማረህ አላልኩትም። እጄን ዘረጋሁ፤ ቀሰሙን አቀበለኝ። በጣቴ ዳሰስኩት። መሀሉ አብጧል፣ ክሩ ልል ነው። ይህን ወንድሜ አላስተማረውም።

ፈታሁትና እንደገና አጠነጠንኩት።